ሪህ፣ ፕሬድኒሶሎንና የጾም ገበታ፦ ምን ይበላል፣ ምን ይቀራል?

ሰላድንጋይ_ማዶ
መጋቢት 24፣ ከምሽቱ 2:10

እንደምን አመሻችሁ። ለአባቴ ነው የምጠይቀው። ዕድሜው 58፣ ክብደቱ 70 ኪሎ። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሌሊት አብጦ ቀላ፤ ጋቢ እንኳ ሲነካው አይችልም። ሪህ ነው ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ባለ 5 ሚሊግራሙ በቀን ስድስት ፍሬ ለ7 ቀን ታዘዘለት። ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሕመሙ በጀመረ ማግስት የተሠራው ዩሪክ አሲድ 6.4 ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ግን 8.6 ነበር። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ይወስዳል። ስኳር የለበትም፣ ኩላሊቱም ደህና ነው ተብሏል።

ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ሊጠይቀው የመጣ ጎረቤት ሁሉ «ሽሮና ምስር ነው የጎዳህ» ስላለው አሁን በድንችና በዳቦ ብቻ ነው ያለው። «ከጠላ ይሻላል» ብሎ ደግሞ በቀን ሁለት ለስላሳ ይጠጣል። ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ 6.4 ከሆነ ወርዶለታል ማለት ነው? ክኒኑን እየጾመ እንዴት ይውሰደው? ምን ይብላ?

ፋርማሲ_ጥግ
መጋቢት 24፣ ከምሽቱ 2:48

ወንድምዓለም፣ 6.4 አያታላችሁ። ሪህ በተነሳበት ሰሞን ዩሪክ አሲድ ዝቅ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው። እብጠቱ ራሱ ኩላሊት ዩሪክ አሲዱን አብዝቶ በሽንት እንዲያስወጣ ያደርገዋል፤ ፕሬድኒሶሎንም በዚያው ላይ ትንሽ ያግዛል። የአባትህ ትክክለኛ ቁጥር ታኅሣሥ ላይ የታየው 8.6 ነው ብለህ ያዝ። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ለቆት ክኒኑም ካለቀ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይታችሁ ድጋሚ አሠሩ።

ፕሬድኒሶሎን ዩሪክ አሲድ ለማውረድ የተሠራ መድኃኒት አይደለም። መገጣጠሚያው ውስጥ መርፌ መሳይ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ተከማችቷል፤ ነጭ የደም ሴሎች እሱን እንደ ጠላት ቆጥረው ሲወርሩት ነው ያ ሁሉ ትኩሳትና እብጠት የሚመጣው። ክኒኑ ወረራውን ያስቆማል፣ ክሪስታሉን ግን ቅንጣት ታህል አያሟሟም። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ጫማ አድርጎ ገበያ ይወጣል፣ ቤተሰቡም ዳነ ይላል፤ ክሪስታሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል።

አወሳሰዱ፦ ስድስቱንም ፍሬ አንድ ላይ፣ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ እህል ከቀመሰ በኋላ። ጠዋት የሚባለው ሰውነት የራሱን ኮርቲዞል (ፕሬድኒሶሎንን የሚመስለውን የተፈጥሮ ሆርሞን) በብዛት የሚያመነጨው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው። ማታ የወሰደ ጣራ ሲቆጥር ያድራል።

እንደ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር አይደርብ። ለየብቻቸውም ጨጓራ ይፈትናሉ፤ ሲገናኙ ያደማሉ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ነገ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዱት። «የቁርጥማት መርፌ» ተወግቶ እንደሆነም ጠይቀው፤ ብዙ ጊዜ መርፌው ውስጥ ያለው ዳይክሎፌናክ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነው ዴክሳሜታዞን። 0.75 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን የ5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ያህል ጉልበት አለው፤ ስለዚህ ሳያውቀው እጥፍ እየወሰደ ሊሆን ይችላል።

የደም ግፊት ክኒኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድ በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል። ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ፖታሲየም ያስወጣሉ፤ ጡንቻ መዛልና የባት ቁርጠት የሚመጣው ከዚያ ነው። በሎሳርታን ወይም በአምሎዲፒን ይቀየርለት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ሎሳርታን ዩሪክ አሲድም በመጠኑ ያወርዳል። በራሳችሁ ግን አታስቁሙት፤ ፕሬድኒሶሎን በባሕርይው ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አሁን ያለ ግፊት መድኃኒት የሚኬድበት ሳምንት አይደለም።

ቱቦና_ስላይድ
መጋቢት 24፣ ከምሽቱ 3:15

ከላቦራቶሪ በኩል ጥቂት ልጨምር።

ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚቆየው በ37 ዲግሪ ሙቀት እስከ 6.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ክሪስታል መሥራት ይጀምራል። በ30 ዲግሪ ግን የሚሸከመው ወደ 4.5 ይወርዳል። የእግር ጣት ደግሞ ከሰውነት ሁሉ ቀዝቃዛው ነው። ከሰላድንጋይ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ደጋ፣ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር፣ አውራ ጣት ቀድሞ መጠቃቱ ምንም አይገርምም። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ማታ ማታ ይልበስ፤ ርካሽ መከላከያ ነው። ጣቱ አብጦ ሳለ ግን ትኩስ ድንጋይና የጋለ ጨው አታስጠጉበት። ለሕመሙ የሚሻለው በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ ላልበለጠ።

ሪህ ላለበት ሰው ግቡ ከ6 በታች ነው። ወረቀቱ ላይ «መደበኛ እስከ 7.2» ተብሎ ቢታተምም እሱ ሪህ ለሌለበት ወንድ ነው። ቁጥሩ በመቶዎች ከመጣ፣ ለምሳሌ 360፣ አትደንግጡ፤ መለኪያው ሌላ ነው፣ ያው 6 ማለት ነው።

«ስኳር የለበትም» ላልከው፦ ከፕሬድኒሶሎን በፊት ነው የሌለበት። ጠዋት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን የሚሰቅለው ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት ነው፤ ሌሊቱን ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆድ የተለካ 95 ምንም አይነግራችሁም። ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አስለኩት። 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ውኃ ጥሙና ሽንቱ ከበዛ፣ ለሐኪሙ ይነገር።

እነዋሪ_በር
መጋቢት 24፣ ከምሽቱ 3:40

የሆስፒታል የምግብ ወረቀት ላይ «ጥራጥሬ ይቀንሱ» ተብሎ በግልጽ ይጻፋል። ምስርም ባቄላም ሽምብራም ፒውሪን አላቸው፣ ፒውሪን ተፈጭቶ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። ጎረቤቶቹ ምን አጠፉ?

ሌማት
መጋቢት 24፣ ከምሽቱ 4:22

እነዋሪ፣ ፒውሪን አላቸው ማለትህ ልክ ነው። የሚሳተው ድምዳሜው ላይ ነው።

መጠኑን እንይ። 100 ግራም የበሬ ጉበት ውስጥ 220 ሚሊግራም ገደማ ፒውሪን አለ፣ የዶሮ ጉበት ደግሞ ከ300 ያልፋል። ቀይ ሥጋ 100 ገደማ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ በደረቁ 100 ግራም ተመዝኖ ብዙውን ጊዜ ከ100 በታች ነው፤ ማንም ደግሞ 100 ግራም ደረቅ ሽሮ በአንድ ማዕድ አይበላም። ለአንድ ሰው ወጥ የሚገባው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ቢሆን ነው። ዕንቁላልና ወተት ከዜሮ ብዙም አይርቁም። በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ለዓመታት የተደረገ ክትትልም ሥጋ፣ የባሕር ምግብና ቢራ ሪህን ሲያበዙ ጥራጥሬ ግን እንደማያበዛ አሳይቷል። ያ ወረቀት የድሮውን ምክር ነው ይዞ የቀረው።

አሁን ሽሮውን ያስተዋችሁት ሰው ምን ተካበት? ነጭ ዳቦ፣ ድንች፣ ሁለት ለስላሳ። ሦስቱም ስኳርን በፍጥነት የሚያነሱ ናቸው፤ ፕሬድኒሶሎን ስኳር በሚሰቅልበት ሳምንት! በጾም ያለው ዋና ፕሮቲን ደግሞ ያ ሽሮ ነበር። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ጡንቻ ይበላል፣ ፕሮቲን ያጣ ሰው ደግሞ ቶሎ ይዝላል።

የለስላሳው ነገር የባሰ ነው። በ300 ሚሊሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ጉበት ፍሩክቶስን ሲያብላላ የሴሉን የኃይል ክምችት ይጨርሳል፣ የዚያ ስባሪ በቀጥታ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። ፒውሪን ሳይበሉ ዩሪክ አሲድ ማምረት ማለት ይህ ነው። ማርም ያው፤ አርባ በመቶ ገደማው ፍሩክቶስ ስለሆነ «ብርዝ እኮ አያሰክርም» አይሠራም።

በአጭሩ፦ ሽሮውን መልሱለት፣ ለስላሳውን አንሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ይታወቅ። ከሰውነት ዩሪክ አሲድ ሁለት ሦስተኛው የሚመረተው እዚያው ሰውነት ውስጥ ነው። በምግብ ብቻ የሚወርደው ብዙ ቢባል 1 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ 8.6 ወደ 7.6 ቢወርድ አሁንም ክሪስታል ከሚሠራበት ልክ በላይ ነው። በምግብ ብቻ ይስተካከላል ያላችሁ ሰው ቢኖር ቁጥሩን አሳዩት።

ቆላ_ሸዋሮቢት
መጋቢት 25፣ ከጠዋቱ 1:05

ቅራሪስ? ጠላው ቢቀር ቅራሪ ይፈቀድለታል?

ሌማት
መጋቢት 25፣ ከጠዋቱ 1:50

ጠላ በሦስት በኩል ይመታል። አንደኛ አልኮሉ፦ ደም ውስጥ ላክቴት ያበዛል፣ ላክቴት በዝቶ ሳለ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን ይይዛል። ሁለተኛ እርሾው፦ ጥንስሱ ውስጥ ሕይወት ያለው እርሾ ነው፣ እርሾ ደግሞ በፒውሪን የታጨቀ። ሦስተኛ ሽንት ስለሚያበዛ ውኃ ያሳጣል። ቅራሪ አልኮሉ ቀጭን ነው፤ ግን አንዴ ከወረደው ድፍድፍ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚቀዳ ስለሆነ ደለሉ ይበዛል። ካልቀረለት ያሳደረና የጠለለ፣ ከላይ ከላዩ፣ አንድ ብርጭቆ። በፕሬድኒሶሎኑ ሳምንት ግን እሱም ይቅር።

የደብረ ብርሃን አረቄ እርሾ የለውም፣ የተጣራ ነው፤ አልኮሉ ግን ከሁሉ ይበልጣል፣ ከስቴሮይድ ጋር ለጨጓራ አደጋ ነው። ቃሪቦ አልኮሉ ጥቂት ቢሆንም ስኳሩ ያው ለስላሳ ነው። ቡና ያለ ስኳር ይጠጣ፤ እንዲያውም ቡና የሚጠጡ ሰዎች ዩሪክ አሲዳቸው ዝቅ ይላል። በጨው ወይም በቅቤ ከሆነ ግን እሱን ተዉት።

ውኃ በቀን ከ2 እስከ 2 ሊትር ተኩል፣ ልብ ወይም ኩላሊት ካልከለከለ። ሸዋሮቢት ዓይነት ቆላ የሚውል ሰው 3 ሊትርም ላይበቃው ይችላል፤ ሽንቱ ገለባ ቀለም እስኪመስል ነው ልኩ። ጫት እየቃሙ በለስላሳ ማወራረድ ላብንም ስኳርንም አንድ ላይ ነው የሚያመጣው።

ፋርማሲ_ጥግ
መጋቢት 25፣ ከጠዋቱ 2:30

የጾሙ ጥያቄ ሳይመለስ አለፈ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ክኒኑን በዘጠኝ ቢወስደው ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ ሌሊቱን አይተኛም። ሁለተኛ በባዶ ሆድ ሲቆይ ሰውነት ስብ ያነዳል፣ የስቡ ቅሪት የሆኑት ኬቶኖች በኩላሊት መውጫ ላይ ከዩሪክ አሲድ ጋር ይሻማሉ፣ ዩሪክ አሲዱም ይቀራል። ውኃም ሳይጠጣ ነው የሚውለው። ጠዋት በባዶ ሆድ መውሰዱ ደግሞ ለጨጓራ አይሆንም።

የሚሻለው የንስሐ አባቱን አማክሮ ለእነዚህ 7 ቀናት ሰዓቱን ማሻሻል ነው። ምግቡ የጾም እንደሆነ ይቆይ፤ መግደፍ አያስፈልግም፣ ጠዋት መቅመስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለታመመ ሰው ቀኖናው ቦታ አለው፣ አባቶችም ያውቁታል። እሑድና ቅዳሜ እንደሁ ቀድሞም እስከ ዘጠኝ አይጾምም።

ሌማት
መጋቢት 25፣ ከረፋዱ 4:00

እንግዲህ የአንድ ቀን የጾም ገበታ፣ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው፦

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፦ የአጃ አጥሚት አንድ ትልቅ ስኒ ያለ ስኳር፣ ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ በውኃ ተበጥብጦ። በሶው ላይ ጨው አይነስነስ፣ ማርም አይግባ። ከዚያ ክኒኑ፣ ከሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጋር።

ረፋድ፦ አንድ እፍኝ የገብስና የሽምብራ ቆሎ። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ሆዱ አይጠግብም፤ ቆሎ ማላመጡም ጊዜ ይወስዳል፣ ስኳርም ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ጨው የሌለው ቆሎ ይሁን።

ምሳ፦ አንድ የጤፍ እንጀራ (ሁለት አይደለም)፣ ሁለት ጭልፋ ሽሮ ወይም ምስር፣ አንድ ጭልፋ ጎመን። ጎመኑ ብዙ ሰዓት አይቀቀል፣ ውኃው አይደፋ፤ ካልሲየሙን የምንፈልገው በጾም ወተት ስለሌለ ነው። መጀመሪያ ጎመኑንና ወጡን እየጎረሰ እንጀራውን ኋላ ቢያደርሰው ስኳሩ ዝግ ይላል።

10 ሰዓት ላይ፦ ሙዝ አንድ። ይህ ለፖታሲየሙ ነው። ስኳር ከበዛ ወደ ግማሽ ይውረድ ወይም በአቮካዶ ይተካ።

ራት ከ1 ሰዓት ሳያልፍ፦ ከእንጀራ ሦስት አራተኛው፣ ክክ አልጫ ወይም አዚፋ፣ ከጎኑ ሰላጣ በሎሚ። አዚፋው ላይ ሰናፍጩ ይግባ፣ ጨው ግን በቁንጢጥ።

ስለ ጨው አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ቤት የተዘጋጀ በርበሬና ምጥን ሽሮ ብዙ ጊዜ ወፍጮ ሳይሄድ በፊት ጨው ይገባበታል። ከዚያ ወጡ ሲሠራ ድጋሚ ጨው ይነሰነሳል፣ ገበታ ላይ ደግሞ አዋዜና ሚጥሚጣ ይመጣል። ጨው በሦስት በር ነው የሚገባው፣ የሚቆጥረው ግን አንዱን ብቻ ነው። የቀን ልኩ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ልክ፣ ማለትም ከ5 ግራም፣ በታች ነው፤ ሁሉንም ጨምሮ። ፕሬድኒሶሎን ጨውና ውኃ ስለሚይዝ ፊት መሙላት፣ ቁርጭምጭሚት ማበጥና ግፊት መውጣት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጨው የገባበት ሽሮ ከሆነ ድስቱ ላይ ምንም አይጨመር። ለሚቀጥለው ጊዜ ግን ሳይጨመርበት ይፈጭ።

እነዋሪ_በር
መጋቢት 25፣ ከረፋዱ 4:35

ስለ ጥራጥሬው ተቀብያለሁ። የበግ ቅቅል ሾርባስ? ለሕመምተኛ የሚሰጠው እሱ ነው።

ሌማት
መጋቢት 25፣ ከረፋዱ 5:10

ፒውሪን ውኃ ውስጥ ይሟሟል። የመንዝ በግ ቅቅል ሲንተከተክ ከሥጋው የወጣው ፒውሪን ሾርባው ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ለሪህ ሰው ግልብጥ ነው፦ ሥጋውን ይብላ፣ መረቁን ለሌላ። በሾርባው ምትክ የአጃ ወይም የአትክልት ሾርባ ይሠራለት።

ፋርማሲ_ጥግ
መጋቢት 25፣ ከረፋዱ 5:40

የፋሲካ ሳምንት ሪህ የሚበዛበት ምክንያት ይኸው ነው። 55 ቀን ሥጋ ያልነካ ሰው በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ጠዋት ዱለት፣ ቀትር ላይ ከቅርጫው ጥሬ ሥጋ በጠላ። ዱለት ማለት ጉበትና ጨጓራ ነው፣ ማለትም ከሁሉ ከፍ ያለ ፒውሪን፣ ያውም ለብ ብሎ በቅቤ። የጅሩ ሰንጋ ቢሆንም ጉበቱ ጉበት ነው። ከቅርጫው መደብ ሲወጣ የሆድ ዕቃውን ለጎረቤት ስጡና ጭቅናውን ያዙ።

ስቴሮይድ ላይ ላለ ሰው ጥሬ ሥጋ ጨርሶ አይሁን። ኮሶውን ብቻ ፈርቼ አይደለም፤ የበሽታ መከላከያው ደክሞ ሳለ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣ ማንኛውም ተውሳክ ይበረታል፣ ትኩሳቱንም ክኒኑ ስለሚደብቀው ቶሎ አይታወቅም።

ቆላ_ሸዋሮቢት
መጋቢት 25፣ ከምሽቱ 1:20

ጥያቄዬ ዘለግ ስላለ ስጠብቅ ነበር። ዘመዴ በሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ) ምክንያት ፕሬድኒሶሎን 15 ሚሊግራም ከጀመረች 5 ወሯ ነው፣ የሰውነት መከላከያን የሚያበርደውን አዛታዮፕሪንም 100 ሚሊግራም ትወስዳለች። ዩሪክ አሲዷ 7.9 መጣ። ጣቷንም ጉልበቷንም አሟት አያውቅም። ዩሪክ አሲድ የሚያወርደውን አሎፑሪኖል ባለ 100 ግዢ ተብላለች። ትጀምር?

ፋርማሲ_ጥግ
መጋቢት 25፣ ከምሽቱ 1:34

እባክህ አታስጀምራት። ዛሬ ማታ ደውልላት።

አዛታዮፕሪን የሚበላሸው ዛንታይን ኦክሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም ነው፤ አሎፑሪኖል ደግሞ ያንኑ ኢንዛይም ይዘጋል። ሁለቱ ሲገናኙ አዛታዮፕሪን በደም ውስጥ ተከማችቶ የአጥንት መቅኔን ይመታል፤ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ ከዚያ ተራ ጉንፋን ሊገድል ይችላል። ሐኪም ግድ ነው ካለ አዛታዮፕሪኑን ወደ ሩብ ወይም አንድ ሦስተኛ አውርዶ፣ የደም ቆጠራ እየተከታተለ ብቻ ነው የሚሰጠው። ብዙዎች ጨርሰው አያገናኟቸውም። ፌቡክሶስታትም በዚያው መንገድ ስለሚሠራ መፍትሔ አይሆንም።

ደግሞስ ምን አስጨነቃት? ሪህ አንድም ቀን ሳይነሳባት 7.9 ብቻውን ብዙውን ጊዜ ክኒን አያስጀምርም። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ይታይ፣ ኩላሊቷን (ክሪያቲኒንና የሽንት ፕሮቲን) ታስመርምር። ሉፐስ ላይ ዩሪክ አሲድ ሲወጣ ኩላሊቱ ሊሆን ይችላል ጥፋቱ።

ለእሷ ከዩሪክ አሲዱ የሚበልጠው አጥንቷ ነው። ከሦስት ወር በላይ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ካልሲየም ከምግብና ከክኒን ተደምሮ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ዲ ከ600 እስከ 800 ዩኒት ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ እርጎም እንደዚያው። ወተት ዩሪክ አሲድንም ያወርዳል፣ ስለዚህ በፍስክ ወራት በቀን ሁለት ብርጭቆ እርጎ ብትወስድ ሁለቱንም ያገለግላታል። ካልሲየም ካርቦኔት ክኒን ከሆነ ከምግብ ጋር።

አምስት ወር የቆየ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በአንድ ቀን አይቆምም። ኮርቲዞል የሚያመነጨው አድሬናል ዕጢዋ ሥራ ፈትቶ ስለተኛ ድንገት ብታቋርጥ ማስመለስ፣ መዛል፣ ግፊት መውረድ፣ ራስን መሳት ይመጣል። ጻድቃኔም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን በኪሱ ይዞ ይሂድ። ጠበሉን ይጠጣ፣ ይጠመቅ፣ ክኒኑንም በሰዓቱ ይውሰድ። ሁለት ሳምንት የሚቆይ ከሆነ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ይቁጠር።

ቱቦና_ስላይድ
መጋቢት 25፣ ከምሽቱ 2:05

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም ዩሪክ አሲድ ይሰቅላል፤ ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚሰጠው ፒራዚናማይድ ዋናው ነው፣ ኢታምቡቶልም ይጨምራል። 9 እና 10 ተብሎ ሲመጣ «ሪህ ያዘኝ» ብሎ የቲቢውን መድኃኒት የሚያቋርጥ አለ። ሁለቱ ወራት ሲያልቁ ፒራዚናማይዱ ይቆማል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። መገጣጠሚያ ካመመ ለጤና ባለሙያው ይነገር እንጂ አይቋረጥ። ሌላው ክኒን ሪፋምፒሲን ደግሞ ፕሬድኒሶሎንን በፍጥነት ከሰውነት ስለሚያስወጣ የፕሬድኒሶሎን ልኩ ሊከለስ ይገባል።

ሰላድንጋይ_ማዶ
መጋቢት 26፣ ከጠዋቱ 3:00

እግዜር ይስጥልኝ። ሽሮው ተመለሰ፣ ለስላሳው ተነሳ። ገበያ ላይ «የሪህ ዱቄት» የሚባል ስም የሌለው መድኃኒት አለ፣ በሁለት ቀን ያስነሳል ይላሉ። ከፕሬድኒሶሎኑ በኋላ ይቀጥልበት? ካልሆነስ 8.6ቱን የሚያወርደው ምንድን ነው?

ፋርማሲ_ጥግ
መጋቢት 26፣ ከጠዋቱ 3:45

በሁለት ቀን የሚያስነሳ ስም የለሽ ዱቄት ውስጥ ስቴሮይድ ወይም ዳይክሎፌናክ ተፈጭቶ መግባቱ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። ልኩን ማንም አያውቅም፣ ሲቆምም ማን እንደሚቆጣጠረው አይታወቅም። ጤናዳም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ በምግብ ውስጥ እንደ ልማዱ ይብላ፤ ክሪስታል ያሟሙልኛል ብሎ ግን አይመካባቸው።

ቁጥሩን የሚያወርደው አሎፑሪኖል ነው፤ አባትህ አዛታዮፕሪን አይወስድምና። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ በ100 ሚሊግራም ይጀምራል፣ በየአራት ሳምንቱ ዩሪክ አሲዱን እየለካ በ100 ይጨምራል፣ ከ6 በታች እስኪገባ። ኩላሊቱ የደከመ ቢሆን በ50 ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ክሪስታሉ ሲሟሟ ሪህ ራሱ ሊነሳ ይችላል። ሰው «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ለዚያ መከላከያ ኮልቺሲን 0.5 ሚሊግራም በቀን አንዴ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይታዘዛል። ኮልቺሲን ሲወስድ ክላሪትሮማይሲን ከታዘዘለት ለሐኪሙ ያስታውስ፤ ሁለቱ አብረው አይሆኑም። አሎፑሪኖል ጀምሮ ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ አፉ ከቆሰለ ወይም ትኩሳት ከያዘው፣ በዚያው ዕለት አቁሞ ሆስፒታል ይሂድ።

አንድ መገጣጠሚያ አብጦ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ካለው ደግሞ ሪህ ነው ብላችሁ የተረፈ ፕሬድኒሶሎን እንዳትሰጡት። መግል የያዘ መገጣጠሚያም እንደዚያው ነው የሚመስለው።

ሰላድንጋይ_ማዶ
መጋቢት 26፣ ከጠዋቱ 4:20

ገባኝ። የመጨረሻ፦ ፋሲካ ሲደርስ ክኒኑ አልቆለት ይሆናል። ዶሮ ወጡን ጨርሶ ይተው ብል እናቴ አትስማማም። አንድ ብልትና አንድ ዕንቁላል ብል ይበቃል?

ሌማት
መጋቢት 26፣ ከጠዋቱ 4:35

ዶሮው ከወጡ ውስጥ ይውጣና ብልቱ ብቻ ይቅረብለት፣ መረቁ በእንጀራው ጫፍ እየተነካ። ጉበቷና መቋደሻዋ ለልጆች። ዕንቁላሉን ግን ሁለት አድርጉለት፣ እሱ ምንም አያደርገውም።